የእትዬ ጌታነሽ ደፍ

እኛ አገር ቤት የሚሠራው በጥቁር ድንጋይ ነው። ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል፤ ማሳው ውስጥ ከገብሱ እኩል የሚበቅል ነው የሚመስለው። ፀሐዬ ድንጋይ ግን ሌላ ነው። ከጓሳ ደጋ በታች ካለ አንድ ገደል ብቻ ይወጣ ነበር። ቀለሙ የማር ነው። ከመሬት ሲወጣ በመጥረቢያ የሚቆረጥ ለስላሳ፣ ነፋስ ሲያገኘው መዶሻ የሚመልስ። ቀን የጠጣውን ፀሐይ እስከ ማለዳ ይዞ ስለሚያድር ውርጭ አይቀመጥበትም። ታኅሣሥ ላይ አገሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ሲነጋ የፀሐዬ ደፍ ያለው ቤት ከሩቅ ይታወቃል።

አባቶቻችን የጓሳን ሣር እንዳስከበሩት ሁሉ ይህንንም በሥርዓት አስከብረውት ኖረዋል። ለአንድ ጎጆ አንድ ድንጋይ ነው፣ እሱም ለበሩ ደፍ ብቻ። መሸጥ መለወጥ የለም። ገደሉ በአንድ ክፉ ክረምት ተንዶ ከተዘጋ ወዲህ ደግሞ አዲስ አልወጣም፤ ያለው በየቤቱ በር ሥር የተነጠፈው ነው።

እትዬ ጌታነሽ የቀየት አገር ሴት፣ የቅርብ ጎረቤቴ ናቸው። ባለቤታቸው ጋሽ በዕውቀቱ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። ደፉን ለጋብቻቸው ጠርበው፣ ከጎረቤት ጋር በወሳንሳ ተሸክመው ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ግራ ጥጉ ላይ መሮው አምልጧቸው የተሸረፈ ቦታ አለ። እትዬ ጌታነሽ ይህን ለእንግዳ ሁሉ እያሳዩ፣ ያኔ እኔን ሲያይ ነው የሳተው ይሉ ነበር። ጋሽ በዕውቀቱ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ሳያበቁ ሞቱ። እትዬ ጌታነሽ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተው፣ ባና ለሚባለው ብርድ ልብስ የበግ ጠጉር እየፈተሉ ሴት ልጆቻቸውን አሳደጉ። ምላሳቸው አይቻልም፤ ሲሰጡ ግን ወደ ኋላ አይሉም።

በእኛ ዘንድ ሙሽራ ከቤት ስትወጣ ጫማዋን አውልቃ ደፉ ላይ ትቆማለች። የእናቷን ጉልበት ስማ ምርቃት የምትቀበለው እዚያ ነው። እዚያ ያልተመረቀች ልጅ ከሜዳ የተነሣች ትባላለች፣ ስሙም እስከ ልጅ ልጅ ይከተላል። የእትዬ ጌታነሽ ትልልቆቹ ልጆች በዚያ ደፍ ላይ ተመርቀው ወጡ። የቀረችው የመጨረሻዋ ጽናት ነበረች።

ታዲያ አምና እምሩ የሚባል ባለሀብት መጣ። ከቅዳሴ በኋላ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ቆመና በመድኃኔዓለም ስም ለመነን። ቤተ ክርስቲያን እያሠራሁ ነው፣ ለደጃፉ የሚሆን ፀሐዬ ድንጋይ ስጡኝ አለ። በታቦት ስም የለመነን ሰው ቤተ ክርስቲያኑ የት ነው፣ እስኪ እንየው ብሎ መመርመር በእኛ ዘንድ ነውር ብቻ አይደለም፣ ኃጢአት ነው። ስለዚህ ማንም አልጠየቀም። በግ ስንገዛ ጥርሱን ከፍተን የምናይ ሰዎች፣ ይህን ሰውዬ አፉን እንኳ ደህና አድርገን አላየነውም!

መጀመሪያ የሰጡት እትዬ ጌታነሽ ናቸው። «ለእግዜር ደጅ ከሆነ የኔ ደጅ ምንድር ነው?» አሉና ደፋቸውን አስነቀሉ። ጽናትንም በሠርጓ ቀን በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ አቁመው ሊመርቋት አሰቡ። ከዚህ የበለጠ ምን ክብር አለ? ሌላውም እሳቸውን እያየ ሰጠ። የጭነት መኪናው የየቤታችንን ደፍ ይዞ ሲሄድ እልል ብለን ሸኘነው።

የጽናት ሠርግ ሲቃረብ እትዬ ጌታነሽ ቤተ ክርስቲያኑን ፈልግልኝ ብለው ላኩኝ። ፈለግሁ። ቤተ ክርስቲያን የለም፣ መሠረትም አልተቆፈረም። ድንጋዩን ያገኘሁት ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በእምሩ አዲስ ሆቴል በር ላይ ነው። የሌሎቹን ደፍ ሰንጥቆ የመጠጥ ባንኮኒ አልብሶበታል። የእትዬ ጌታነሽን ሳይሰነጥቅ ከመግቢያው አንጥፎታል፤ ግራ ጥጉ ላይ ያ ሽራፊ አለ። ሰዉ ጭቃ ጫማውን ይጠርግበታል። ደሜ ፈላ፤ እስካሁንም አልበረደም።

ሽማግሌዎች ልከን ነበር። እምሩ የተረፈ ድንጋይ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑም ጊዜው ሲደርስ ይሠራል አለ። ለአሮጊቷ የፈለጉትን ቀለም ሴራሚክ ልላክላቸው ብሎም አከለበት። ሴራሚክ! ሽማግሌዎቹም ይህን ሰምተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ለምን ቢባል፣ ለታቦት ተብሎ የተሰጠ ስጦታ አይመለስም፣ መልስ ብሎ የጠየቀ ደግሞ እርግማን አለበት። እንግዲህ ፍረዱ። እምሩ በታቦቱ ስም ዋሽቶ እንቅልፉን ይተኛል፣ እኛ በታቦቱ ስም እጃችን ታስሯል። ሥርዓታችን ሐቀኛውን አስሮ ውሸታሙን የሚፈታ ከሆነ ለማን ነው ያስከበርነው? ይህን ለቄሳችን ለአባ ይሥሐቅ ፊት ለፊት ነገርኳቸው።

እትዬ ጌታነሽ ሁሉንም ሰምተው ፈትላቸውን አስቀመጡ። ስጦታዬን መልስ አልለውም አሉ፤ ልጄን ግን ከሜዳ አላስነሣም።

በእኛ ወግ እናት ለቤተ ክርስቲያን ካልሆነ በቀር ሙሽራን ተከትላ ከቤት አትወጣም። እሳቸው ወጡ። በሠርጉ ቀን ከጽናት ጎን መኪና ውስጥ ገቡ። ሙሽራው ምንተስኖት ነገሩን ያውቅ ነበርና አጃቢውን ሁሉ ሆቴሉ በር ላይ አስቆመ። ጽናት ጫማዋን አውልቃ ድንጋዩ ላይ ወጣች። ጭቃ ነበረበት፤ እናትየው ጎንበስ ብለው በነጠላቸው ጠረጉት። ልጅቱ ጉልበታቸውን ሳመች። ውለዱ ክበዱ ብለው መረቁ። ሊገቡ የመጡ ደንበኞች ሳይቀሩ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።

እምሩ ሠርግ መጣልኝ ብሎ ፈገግ እያለ ወጣ። ማን እንደሆኑ እንኳ አላወቃቸውም።

«እንኳን ደህና መጣችሁ እማማ፣ ግቡ» አላቸው።

«አንተ ግባ እንጂ» አሉት። «ይህ ባሌ የጠረበው ደፍ ነው። እዚህ ላይ እንኳን ደህና መጣህ የምለው እኔ ነኝ።»

የሚያሾፉ መስሎት ሳቀ። ፎቶ አንሺውንም ጠርቶ አስነሣን። እትዬ ጌታነሽ መኪና ውስጥ እስኪገቡ አላለቀሱም።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ፎቶው ከሆቴሉ አጥር ላይ ትልቅ ሆኖ ተሰቅሏል። ጽናት ባዶ እግሯን ድንጋዩ ላይ ቆማለች፤ ከሥሯ «ሠርግዎን እኛ ዘንድ ይደግሱ» የሚል ተጽፏል። እትዬ ጌታነሽን ከጎኗ ቆርጠው አውጥተዋቸዋል።