ከ«አልገባም» ጋር ወደ ጮቄ ዳገት

ማክሰኞ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ከደብረ ማርቆስ ወጣሁ። የምሄደው ከጮቄ ዳገት ላይ ወዳለው ታላቅ ወንድሜ ነው። ጣሊያን አገራችን ከገባ ወዲህ እሱ ጫካ ነው፤ እኔ ደግሞ ከተማ ተቀምጬ የጣሊያኖቹን የእህል መጋዘን እጠብቃለሁ። አለቃዬ «ወንድምህ ይግባ፣ ምሕረት ይደረግለታል» ብሎ ሰደደኝ። እኔ ግን የምሄደው በናፍቆት ለምትንገበገበው እናቴ ነው እያልኩ ራሴን እሸነግል ነበር።

ስንቄ በሶ ነው፤ የመንገድ ጓደኛዬ ውሻችን። አርጅቷል፣ አፉ ዙሪያውን ሸብቷል፤ ቢሆንም እኔ ከወጣሁ ቤት መቅረት አያውቅም። ስሙ «አልገባም» ይባላል። በእኛ አገር የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው። አባቴ ከድንበርተኛው ጋር ሲካሰስ «እኔ የሰው መሬት አልገባም» ለማለት አወጣለት። አሁን ግን «ገባ» ማለት ለጣሊያን አደረ ማለት ሆኗል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ውሻዬን በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ በፉጨት ነው የምጠራው።

ኬላው

ከከተማው መውጫ ላይ ባንዳዎች ይጠብቃሉ። አንደኛው የይለፍ ወረቀቴን አይቶ ሲያበቃ ውሻውን በአፈሙዙ ጠቆመ።

«ስሙ ማን ነው?»

«ግባ» አልኩ።

ሳቁ። «እስቲ ጥራው!»

«ግባ! ና፣ ግባ!» ውሻው ዝም ብሎ ያየኛል። ደግሜ ጠራሁት፣ አልተነሳም። ባንዳው ፊቱን አጨፍግጎ «የማያውቀው ስሙን ነው ወይስ አንተን?» አለኝ። ያን ጊዜ በዱላዬ የኋላ እግሩን መታሁት። ጮኸና እየተንፏቀቀ እግሬ ሥር መጣ።

«ይኸው ገባ!» ብለው አሳለፉን። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ከዱላው ይልቅ ያቺ ሳቅ ታሳፍረኛለች።

ዳገቱ

የጨሞጋን ወንዝ ተሻግረን፣ የገብሱን ማሳ ጨርሰን ዳገቱን ተያያዝነው። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ አፈሩ ያዳልጣል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ውሻው እያነከሰ ከፊት ይቀድማል፤ በየመታጠፊያው ቆሞ እስክደርስ ይጠብቀኛል። እኔ ዓይኑን ላለማየት ጫማዬን እያየሁ እወጣለሁ።

አንዲት ሴት ከደጇ ጠርታ አሬራ በቅል ሰጠችኝ። «እግሩን ምን አገኘው?»

«ድንጋይ ወድቆበት ነው።»

«እኔን!» ብላ ለእሱም በገል ቀዳችለት። ጠጥቶ ሲጨርስ መጥቶ እጄን ላሰኝ። ምነው በነከሰኝ አልኩ።

ከአስታው ዛፍ ጫካ በላይ፣ ጅብራ ከሚበቅልበት ሜዳ ስንደርስ ጭጋግ ዋጠን። ከውስጡ «አልገባም! አልገባም!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ወንድሜ ጭጋጉ ሳይውጠን ውሻውን ከሩቅ አውቆት ነው። ውሻው በሦስት እግሩ እየዘለለ ሮጠ።

ወንድሜ

ከስቷል። ጭኑን ጥይት መቶት ቁስሉ አመርቅዟል። በሶ በጠበጥኩለት።

«ጋሼ፣ ይግቡ። ምሕረት አለ። እማዬም በናፍቆትዎ አለቀች።»

በሶውን ጠጥቶ ጨረሰ። «ደክሞኛል» አለ በመጨረሻ። «ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። አንተ ካልህ ይሁን።»

ምሕረት ተብለው ገብተው ገበያ መሀል የተሰቀሉ ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን አልነገርኩትም። ይልቅስ ተነስቼ መውረጃውን ላሳየው ዱላዬን ቀና አደረግሁ። ውሻው መሬት ላይ ልጥፍ ብሎ ተንቀጠቀጠ።

«ይህ ውሻ ዱላ ፈርቶ አያውቅም» አለ ወንድሜ። «ማን መታው?»

«እኔ ነኝ። ኬላ ላይ ስሙ ግባ ነው አልኳቸው። በዚያ ስም ብጠራው እንቢ አለኝ።»

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የውሻውን እግር ቀስ ብሎ እየዳሰሰ «እኔን ይዘኸኝ ስትገባ፣ ይህ ማን ነው ቢሉህ ምን ልትላቸው ነበር?» አለኝ።

ያን ጊዜ ስለተሰቀሉት ሁሉንም ነገርኩት። ጠመንጃውን ተመርኩዞ ተነሳ። «ሂድ፣ ሳይመሽብህ። ውሻውን ተወው።»

ወንድሜ የውሻውን አንገት ይዞልኝ ብቻዬን ወረድኩ። ሁለተኛውን መታጠፊያ ሳልጨርስ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ፤ አምልጦት እያነከሰ ተከትሎኛል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያም ተሸክሜው ወረድኩ።

ቤት

አሬራ በሰጠችን ሴት ቤት አድረን በማግስቱ ኬላውን በዙሪያ ጥምጥም አልፈን ቤታችን ገባን። ፈሪ መሆኔን ድሮም አውቅ ነበር። ፍርሃቴ የሚያርፈው በሚወዱኝ ላይ መሆኑን ግን ያወቅሁት በዚህ መንገድ ነው።

እናቴ ደጅ ቆማ ከኋላዬ ትመለከታለች። «ብቻህን ነህ?»

«ጋሼ አልመጡም። አይመጡምም።»

ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «ተመስገን! አንተ ከወጣህ ጀምሮ፣ ይዞት እንዳይመጣ እያልኩ ስለት ስሳል ነው ያደርኩ።»

ለእሷ ብዬ ነበር የሄድኩት። ጎንበስ ብዬ ውሻውን ከጀርባዬ አወረድኩ። እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ቀና አደረገችኝ።

«አንተንስ ከገባህበት ማን ይመልስልኝ?» አለች።