ከካኪ የተሰፋው ድንኳን

የሺመቤት አንዴ «አይሆንም» ካለች አይሆንም ነው። ይህን ጠባይዋን የሚወዱላት ቆራጥ ይሏታል፤ የማይወዱላት ግትር ይሏታል፤ እሷ ሁለቱንም ትሰማና ሥራዋን ትቀጥላለች። ዘጌ ከቡና ለቃሚ ቤተሰብ ተወልዳ፣ ገና ልጃገረድ ሳለች በጀልባ ተሻግራ ባሕር ዳር መጣችና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ገባች። ሥራዋ የተበጠሰ ክር መቀጠል ነበር። የመፍተያው መኪና ሲሮጥ ክር ይበጠሳል፤ በሁለት ጣቷ ይዛ ታገናኛለች፤ ወዲያው ሌላው ይበጠሳል። ስለዚህ ሰው በየስብሰባው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እየተባለ ሲያጨበጭብ እሷ ዝም ትላለች። ተረቱን ጠልታ አይደለም። ድር እስኪያብር ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚበጠስ፣ አጠገቡም ቆሞ የሚቀጥል ሰው እንደሚያስፈልግ ተናጋሪዎቹ የሚያውቁ አይመስላትም ነበር።

ባሏ አዘዘ ጀልባ ቀዛፊ ነበር። ከሐይቁ ማዶ፣ ከቁንዝላ፣ እህል ጭኖ ሲመለስ ማዕበል ገለበጠው። አስከሬኑ ወጥቶ ቤቷ ሲደርስ በከተማው ውስጥ ዘመድ የምትለው አንድ ሰው አልነበራትም። የመጡላት የዋርካ ሥር እድር ሰዎች ናቸው። ወንዶቹ ድንኳን ተከሉ፣ መቃብር ቆፈሩ፤ ሴቶቹ ውኃ ቀዱ፣ ንፍሮ ቀቀሉ፣ እስከ ሠልስቱ ለአፍታ እንኳ ብቻዋን አልተዋትም። ከዚያ ወዲያ እድር ማለት ለእሷ የሥጋ ዘመድ ማለት ሆነ። ዓመታት አልፈው ሴቶቹ ተጠሪያቸው አደረጓት። ተጠሪ ማለት ግን ሥራ አዛዥ እንጂ ሐሳብ ሰጪ አልነበረም። ዋርካው ሥር ተቀምጠው የሚወስኑት ወንዶቹ ነበሩ፤ ሴቶቹ ድስት ይጥዳሉ። የሺመቤትም እንዲህ ነው ብላ ተቀብላው ኖራለች።

በ1976 ክረምት፣ አሥረኛው የአብዮት በዓል ሊከበር ሽር ጉድ ሲባል፣ እድሩ ከቅዳሴ በኋላ በተሰበሰበበት የቀበሌው ሊቀ መንበር ዳኘው ሁለት አብዮት ጥበቃ አስከትሎ መጣ። ዳኘው የዚያው ሰፈር ልጅ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከበላይ የመጣለትን ሁሉ ከታዘዘው አብልጦ የሚፈጽም፣ የሚፈራ ሰው ነበር እንጂ። የሚፈራ ሰው ደግሞ አንዳንዴ ከክፉ ይብሳል።

«ከእንግዲህ ተበታትነው ያሉ እድሮች ይዋሐዳሉ። አንድ ቀበሌ፣ አንድ እድር!» አለ። «ንብረቱ በቀበሌው መጋዘን ይቀመጣል። ሰው ሲሞት ቀበሌው ይቀብራል።»

የእድሩ ዳኛ አቶ ቢያዝን ጡረታ የወጡ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያዞሩ ቆዩና፣ «ምን ይደረጋል? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አሉ በለሆሳስ።

«አያ ቢያዝን፣ ንጉሡማ ወረደ ተባለ እኮ» አለች የሺመቤት ከሴቶቹ መሐል።

አጠገቧ የነበሩት ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። ዳኘው አልሳቀም። በማግሥቱ አቶ ቢያዝን ማንንም ሳይጠይቁ አስረከቡ፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሁሉ በጋሪ ተጭኖ ወደ ቀበሌው ሄደ።

ነሐሴ ሲጋመስ ዓሣ አጥማጁ አቶ አምሐ ሞቱ። ጥሩምባው ሲነፋ ሰፈሩ እንደ ልማዱ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ወጥቶ ግን የሚይዘው የሚጨብጠው አጣ። ዝናቡ ይወርዳል። የሟቹ ሚስት ጽጌ የምትኖርባት አንዲት ክፍል አልጋው ወጥቶላት እንኳ ከዘመድ አዝማድ እኩሌታውን አልያዘችም። አዛውንቶች ከጣሪያው ሥር ተለጥፈው ይንቀጠቀጣሉ። የሺመቤት ከጥቂት ሴቶች ጋር ወደ ቀበሌ ገሠገሠች።

ዳኘው መጋዘኑን ከፍቶ አሳያቸው። የእድሩ ድንኳን ለበዓሉ የክብር እንግዶች ተዘጋጅቶ ተዘርግቷል፤ በጎኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀይ ቀለም «ወደፊት!» የሚል ተጽፎበታል።

«ቀለሙ ገና አልደረቀም። ዝናብ ካገኘው ይበላሻል» አለ ዳኘው።

«ቀበሌው ይቀብራል አላልህም?»

«መቅበሩንማ ሰው እንመድባለን። ለቅሶውን ቤት ውስጥ ተቀመጡ። ደግሞስ በዚህ ድንኳን ሥር ለቅሶ ይሆናል?»

«እውነትህን ነው» አለች የሺመቤት። «ለአምሐ ወደፊት ማለት ምን ይፈይድለታል?»

እየተቆጣች ተመለሰች። ጽጌን አየቻት፤ በራፏ ላይ ቆማ፣ ሊያስተዛዝኗት የመጡትን ሰዎች «ዝናብ መታችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» እያለች ትለምናለች። ሐዘንተኛ ለቀስተኛን ይቅርታ ስትጠይቅ ማየት የሺመቤትን ከሁሉ አብልጦ አሳፈራት። ያኔ ቤቷ ስለተቀመጠው ካኪ አሰበች።

ካኪው የበዓል ሰልፍ ጨርቅ ነበር። የልብስ ሰፊዎች ማኅበር የወንዶቹን ዩኒፎርም መጨረስ ስላቃተው፣ ዳኘው የሴቶቹን ጨርቅ ሳይቆረጥ አድሎ «በየቤታችሁ ሰፍታችሁ ቅረቡ» ብሏል። አዲስ ጥቅል ጨርቅ ያለ ቅድ በየሴቱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። የሺመቤት ይህን ስትናገር እናትዓለም የምትባለው ጎረቤቷ ደረቷን መታች።

«አብደሻል? የበዓሉን ጨርቅ! ያስሩን የለ?»

«የሚያስሩኝ እኔን ነው፤ ያልሁት እኔ ነኝ። ግን አደራ፣ መቀስ እንዳይነካው። በረጅም በረጅሙ በእጅ እንስፋው፣ ኋላ ሲተረተር ደህና ጨርቅ ነው።»

ሴቶቹ ተያዩ። መጀመሪያ ተነሥታ ወደ ቤቷ የሄደችው፣ ደረቷን የመታችው እናትዓለም ራሷ ናት፤ ካኪዋን ከነጠላዋ ሥር ደብቃ ተመለሰች። ከዚያ ሁሉም ተከተለ። የፋብሪካ ሴቶች ናቸውና እጃቸው አልሰነፈም፤ በአንድ ቤት ታጭቀው፣ አንዷ የያዘችውን ጠርዝ ሌላዋ እየተቀበለች ሲሰፉ ዋሉ። መርፌው ያለፈበትን መስመር ሁሉ ውኃ እንዳያስገባ የጧፍ ሰም አሹበት። ወንዶቹ ከሐይቁ ዳር ግንድ አምጥተው ምሰሶ አቆሙ። ምሽቱ ሳይዝ ጽጌ ደጅ ላይ ካኪ ድንኳን ተተከለ። ቅርፁ ጠማማ ነበር፤ አንዱ ጥግ አጥሮ አንዱ ረዝሟል። ውስጡ ግን ደረቅ ነበር፤ አዛውንቶቹም ተቀመጡ።

በማግሥቱ ዳኘው መጣ። ከሩቅ ጨርቁን ሲያይ ደሙ ፈልቶ ነበር፤ ሆኖም የለቅሶ ቤት ሕግ አለው። ድንኳን የገባ ሰው «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል፣ ይቀመጣል፣ ድምፁን ለጠብ አያነሣም። የሰፈሩ ልጅ ነውና ዳኘውም ይህን ልማድ መጣስ አልቻለም። «እግዜር ያጥናችሁ» አለ፤ ተቀመጠ፤ ንፍሮ ሰጡት፣ በላ። በዓል የሚያደምቅበት ካኪ ከአናቱ በላይ በንፋስ ሲነፋፋ እያየ፣ ሰም የሳተው አንድ ስፌት ትከሻው ላይ ጠብ ጠብ እያለበት፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቆየ። የሺመቤት አንዷን «ጨምሪለት» ብላ ንፍሮ ላከችለት።

ሠልስቱ ሲያልፍ ግን ጥበቃዎቹ መጥተው ወሰዷት።

ያሰሯት እዚያው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ አልነበራቸውም። በሩ ሲዘጋባት ፈራች፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በዚያ ዘመን ቀበሌ ገብቶ ያልወጣ ሰው እንዳለ ታውቃለች። ሥራዋን አሰበች፤ ከፋብሪካ ብትባረር ማን እንደሚያበላት አሰበች። ትንሽ አለቀሰች። ዓይኗ ጨለማውን ሲለምድ ዙሪያዋን የከበባት የእድሩ ዕቃ መሆኑን አየች፤ ወንበሩ ላይ አቧራ ተኝቷል፤ የአዘዘ ንፍሮ የተቀቀለበት ትልቁ ድስት ውስጥ የቀለም ቆርቆሮና ብሩሽ ታጭቋል። ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አወጣች። ድስቱን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው። እየወለወለች ሳለ ፍርሃቷ ቀለለላት፤ የምትጠይቀውም ነገር ጥርት ብሎ ታያት። ድንኳን ማስመለስ ብቻ አይበቃም። ዛሬ ቢመልሱት፣ ሳይጠይቋቸው የወሰዱ ሰዎች ነገም ሳይጠይቁ ይወስዱታል።

እድርተኛ ሲታሰር መጠየቅ የእድሩ ደንብ ነው፤ ያልጠየቀ ይቀጣል። ስለዚህ ጠዋት እናትዓለም ስንቅ ይዛ መጣች። ጥበቃው ፈትሾ አስገባላት። እሷ ሳትወጣ ሌላዋ መጣች፣ ከኋላዋ ሌላ። ማንም አልጮኸም፤ ማንም ሰልፍ ወጣ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁሉም ስንቅ ብቻ ይዘዋል። ሰልፉ ግን ከቀበሌው በር እስከ ጎዳናው ደረሰ፤ ጥበቃው እንጀራ መፈተሽ ሰልችቶት ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። በመጨረሻ አቶ ቢያዝን ራሳቸው ድርቆሽ ቋጥረው መጡ።

«እርስዎም አያ ቢያዝን?» አለ ዳኘው ከቢሮው ብቅ ብሎ።

«እኔም እድርተኛ ነኝ» አሉ። «ያን ለት ድንኳኑን አንሥቼ የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ማንንም ሳልጠይቅ ሰጠሁህ። መታሰር ካለም ከእሷ ይልቅ የሚገባው ለኔ ነው።»

ዳኘው አላሰራቸውም። የአውራጃው ካድሬ የሰልፍ ልምምዱን ሊያይ ሊመጣ ነው፤ ሴቶቹ ደግሞ ዩኒፎርም የላቸውም። ካኪው ተጣጥፎ ጽጌ ቤት አለ፤ ቢወስደው ማን ይሰፋለታል? ቢሰፋስ ማን ይለብስለታል? መጋዘኑን ከፍቶ ገባና አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ሲጣላት «ጓድ የሺመቤት» ይላት የነበረው ሰው አሁን ቋንቋው ለወጠ።

«እትዬ የሺ፣ እኔን ልታስጠይቂኝ ነው?»

«አንተን ምን አድርጌህ? ሰልፉን እንወጣለን። ዛሬ እንተረትራለን፣ ነገ እንሰፋለን። ድንኳናችንንና ዕቃችንን መልስ።»

«ውሰዱ።»

«እድሩ እንደ ድሮው በራሱ ሰው ይተዳደር።»

ዳኘው አገጩን አከከ። «ለበላይ… ውሕደቱ በጥናት ላይ ነው እላለሁ። ጥናት ሲባል ዓመትም ይቆያል።»

«እሽ። ደግሞ ቀበሌው የኛን ነገር ሲወስን የእድር ሰው ይቀመጥ። ሳንሰማ አይወሰንብን።»

«እሱ በአዋጁ የለም!»

«ድንኳን ውሰዱ የሚለውስ በአዋጁ አለ?»

ዳኘው ወደ በሩ ዞረ፤ ከበሩ ውጭ ስንቅ የያዙት ሴቶች ቆመው ያዳምጣሉ። «እሽ፣ ይቀመጥ» አለ።

«ይህን ለነሱም ንገራቸው» አለች የሺመቤት፤ በሩ ላይ ወጥቶ ነገራቸው።

መስከረም ሁለት የዋርካ ሥር ሴቶች ተሰለፉ። ካኪያቸው ላይ የመርፌው ቀዳዳ በመስመር በመስመር ይታያል፤ የሰሙም ነጠብጣብ ታጥቦ አልለቀቀም። ካድሬው ምን እንደሆነ ቢጠይቅ ዳኘው «የጨርቁ ጥራት ነው» አለ። በዚያው ሰሞን እድሩ ዋርካው ሥር ተሰብስቦ በቀበሌው የሚቀመጥለትን ሰው መረጠ። አቶ ቢያዝን ስሟን ጠሩ፤ የተቃወመ አልነበረም።

በጥቅምት ቀበሌው ነዋሪውን ወደ አዳራሹ ጠራ። የውኃ ቦኖ ሊተከል ነው፤ ቦታው ደግሞ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት አጠገብ ተብሎ ተቆርጧል። የዋርካ ሥር ሴቶች ከዚያ እስከ ቤታቸው እንስራ ተሸክመው ዳገቱን ሊወጡ ነው። ዳኘው እንደ ልማዱ «ተቃውሞ ከሌለ…» ብሎ ጀመረ፤ ዓይኑ የሺመቤት ላይ ሲያርፍ ግን ቆም አለ። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አያት።

«እ… እድሮቹስ ምን ይላሉ?» አለ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በዚያ አዳራሽ ተጠይቆ አያውቅም። የሺመቤት ተነሣች። ቦኖው የት መተከል እንዳለበት ታውቃለች፤ ውኃ ስትሸከም የኖረች ሴት እንዴት አታውቅም? ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። አቶ ቢያዝን ከፊት ወንበር «በይ ተናገሪ እንጂ» በሚል ዓይን ያዩዋታል። እሷ ግን መጋዘኑን፣ ማንንም ሳይጠይቁ ድንኳን ያስረከቡትን ሽማግሌ አሰበች፤ ያሰበችውን ዋጠችው።

«እድሩ ገና አልተነጋገረም» አለች። «እኔ ብቻዬን እድር አይደለሁም። እሑድ ዋርካው ሥር እንሰበሰባለን፤ ወንዱም ሴቱም ይናገራል፤ የተስማማነውን ሰኞ እነግርሃለሁ።»

ዳኘው ግራ ቀኙን አየ፤ ብዕሩን ክዳኑ ውስጥ ከተተ።

«እንግዲያው እስከ ሰኞ እንጠብቃለን» አለ።