ሚስማር ለማይነካው ግድግዳ

ስታወራ ከንፈሯ መሃል ሚስማር አይጠፋም። ፍሬም ሠሪ ናት፤ ሁለቱም እጆቿ ሥራ ሲይዙ ሚስማሩን የምታስቀምጠው እዚያ ነው። በዚያው ትቆጣለች፣ በዚያው ትስቃለች፣ በዚያው ታንጎራጉራለች። ሰፈሩ «እትዬ ድርቅ» ይላታል፤ አንዴ ያለችውን ስለማትለውጥ። ታፔላ ጻፊው፣ የልብ ወዳጇ፣ ከሩቅ ባያት ቁጥር ሰማዩን አንጋጦ ያይና «መጣች እንግዲህ፤ ዘንድሮም ዝናብ የለም» ይላል። እሷም ሚስማሩን ሳትተፋ «አንተን የሚያበቅል ዝናብ ከሆነ ይቅርብን!» ትለዋለች።

አባቷ ባለ ወፍጮ ነበሩ። ልጅነቷ ያለፈው ዱቄት በሚበንበት ክፍል ነው፤ ቅንድቧ ነጭ ሆኖ ትምህርት ቤት ስትገባ ልጆቹ «አሮጊቷ መጡ፣ ተነሱላቸው!» እያሉ ያሾፉባት ነበር። አባትየው ሲያርፉ ማሽኑ ተሸጠ፤ ባዶው ክፍል ለእሷና ለታላቅ ወንድሟ ቀረ። ወንድሟ ቤት እየሠራ ወደ ማከራየቱ ሄደ። እሷ መስታወት ቤት ተቀጥራ የሰው ሠርግ፣ የሰው ምርቃት፣ የሰው ዲፕሎማ በመስታወት ስትከድን ወጣትነቷ አለፈ። የሌላውን ደስታ ጠርዝ ጠርዙን ይዞ ማስዋብ፤ እሱ ነበር እንጀራዋ።

አንድ ቀን ታፔላ ጻፊው ከሱቅና ከጋራዥ ታፔላ በተረፈው ቀለም የሣለውን ሥዕል ይዞላት መጣ። ዝናብ ያባራበት መንገድ ነው፤ አንዲት ሴት ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ትሮጣለች፤ ከእግሯ ሥር ሰማዩ ውሃው ላይ ተኝቷል። ፍሬሙን ሠራችለት፣ እሱ ግን የሚወስድበት ቦታ አጣ። «ይቀመጥ፤ የሚያየው ሰው እንኳ ያግኝ» ብላ የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። መንገደኛው በር ላይ መቆም ጀመረ። ቀጥሎ በተረኝነት እረፍቷ የሕመምተኞችን እጅ የምትስለው ነርስ መጣች። ከእሷ ኋላ ሌሎችም መጡ። እንዲህ እንዲህ እያለ የእህል ወፍጮው የሥዕል ቤት ሆነ፤ ስሙን ግን የለወጠው የለም። ሰፈሩ ውስጥ «ወፍጮ ቤት ደርሼ ልምጣ» ያለ ሰው ዛሬም ሥዕል ሊያይ መሄዱ ነው።

ሕጓ አንድ ነበር፤ እዚያ ቤት የሚሰቀል ሥዕል ዋጋው ከአንድ ጥንድ ጫማ አይበልጥም። «ለእግራችሁ የምታወጡትን ለዓይናችሁ ማውጣት እንዴት ያቅታችኋል?» ትላለች። ሥዕል የሚኖረው ሀብታም ሳሎን ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ የሣለው ሰው ጎረቤቶች የገዛ መንገዳቸውን፣ የገዛ እጃቸውን የት ያዩታል? ይህ ጥያቄ ነበር እንቅልፍ የሚነሳት።

ታዲያ ታላቅ ወንድሟ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆመ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ክፍል እስከ መቼ ነው እንዲህ አፍጦ የሚኖረው? ጎማ ነጋዴው መጋዘን ይፈልጋል።»

«ክፍሉ ሥራ ላይ ነው ጋሼ።»

«ምን ሥራ? ሰው ይገባል፣ አፉን ይከፍታል፣ ይወጣል። አንድ ሥዕል በብብቱ ይዞ ሲወጣ ያየሁት የሰፈር ሰው የለም።»

«ይገዛል። ለእሱ ነው የከፈትኩት።»

ወንድምየው ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያልተከራየ ክፍል ሲያይ ግን ጥርሱን ያመዋል። «እሺ እንግዲህ» አለ፣ «አሁን የምትከፍቺው ኤግዚቢሽን እስኪዘጋ ልጠብቅሽ። ካቀረብሽው ግማሹ የዚህ ሰፈር ሰው ቤት ከገባ፣ ሁለተኛ ስለ ክፍሉ አፌን አልከፍትም። ካልገባ ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ።»

«ቃልህ ነው?»

«የአባቴ ልጅ ነኝ።»

ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ወፍጮ ቤቱ እህል እንኳ እንደዚያ ሞልቶት አያውቅም። ሹፌሩ ከሥራ ልብሱ ጋር፣ ሻይ ሻጯ ከነሽርጧ፣ ጡረተኛው ከነምርኩዛቸው መጡ። «ወይ እጅ!» «ወይ ቀለም!» ተባለ። ታፔላ ጻፊው ስሙ በተጠራ ቁጥር አንገቱ ይረዝም ነበር። ሰው ሁሉ አደነቀ፣ ሰው ሁሉ ደስ አለው፣ ሰው ሁሉ ባዶ እጁን ወጣ። በነጋታውም እንደዚያው። በሦስተኛውም።

ከሁሉ ይልቅ ልቧን የነካችው አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። በየምሽቱ መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች ትመጣና ነርሷ የሣለችው አንድ ሥዕል ፊት ትቆማለች። ብርቱካን የሚልጥ የአሮጊት እጅ ነው። ልጣጩ ሳይቆረጥ ተጠምዝዞ ይወርዳል፤ ጣቶቹ ደክመዋል፣ ግን አይቸኩሉም። ልብስ ሰፊዋ አይታ አይታ፣ ተንፍሳ፣ «ደህና እደሪ እትዬ» ብላ ትሄዳለች። መውደድ እንዲህም አለ፤

ዓይን አይቶ ሲመለስ ልብ እዚያው ይቀራል፣
ቤት ያልገባ ውበት ለማንስ ያበራል?

«ዋጋውን ከጫማ ወደ ካልሲ እናውርደው» አለ ታፔላ ጻፊው፤ ቀልዱ ውስጥ ግን ፍርሃት ነበር።

«አናወርድም። ሠዓሊ ሆድ የለውም ያለህ ማነው? ዋጋው ቢሆን ኖሮ አንዱ እንኳ ይከራከረኝ ነበር። የተከራከረኝ የለም። ሌላ ነገር አለ።»

«ምን?»

«እሱን ሄጄ እጠይቃለሁ።»

የአሮጊቷን እጅ ከግድግዳው አውርዳ በጨርቅ ጠቀለለችና ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደች። አንድ ክፍል ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋ፣ ጥግ ላይ ቁምሳጥን። ልብሶቹ ወንበር ላይ ተደራርበው ወንበሩ ወፍራም ሰው የተቀመጠበት መስሏል። የቀን መቁጠሪያው ሳይቀር ቁምሳጥኑን ተደግፎ ቆሟል። ግድግዳው በዘይት ቀለም የተቀባ፣ እንደ እንቁላል የለሰለሰ፣ ባዶ።

«ይሄን ሥዕል ትወጂዋለሽ አይደል?»

«ውይ እትዬ፣ መውደድ ብቻ! የእናቴን እጅ የሰረቁብኝ ነው የመሰለኝ።»

«ታዲያ ለምን አትወስጂውም?»

«ተይኝ በናትሽ።»

«ሳትነግሪኝ አልወጣም። ስሜን ታውቂዋለሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች። «የት ልስቀለው? አከራዬ ሚስማር አይፈቅድም። ቤቱን ሲሰጠኝ መጀመሪያ ያለኝ እሱን ነው፤ ‹ግድግዳዬ ወንፊት አይደለም› አለኝ። እዚህ ግቢ ያለነው ሁላችንም እንደዚያው ነን። ከበስተጀርባ ያሉትም።»

«ይሄን ሳትነግሪኝ ነው ይሄን ሁሉ ቀን ስትመላለሺ የከረምሽው?»

«እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ። «አከራዬ ወንድምሽ አይደል?»

ፍሬም ሠሪዋ የልብሱ ክምር ላይ ተቀመጠች። ስንት ዘመን ሙሉ ሰው ግድግዳ ያለው መስሏት ኖረች! የሠራችው ፍሬም ሁሉ ሚስማር ፈላጊ ነው። ይሉኝታ ደግሞ የሰፈሩን አፍ ሰፍቶታል፤ ወንድሟን በእህቱ ፊት ማን ያማል? ሲያደንቁላት የነበሩት ከልባቸው ነበር፤ ዝም ያሉትም ከልባቸው።

ታፔላ ጻፊው ይህን ሲሰማ ዘሎ ተነሳ። «እና ምን ትጠብቂያለሽ? ወንድምሽን ሄደሽ አስፈቅጂያ!»

«አልለምነውም።»

«ድርቅ!»

«ስማኝ። እሱን ብለምነው ነገ ሌላ አከራይ አለ። ስንቱን ደጅ ጠንቼ እዘልቃለሁ? ተከራይ መቼም ተከራይ ነው፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ። ግድግዳ የሌለው ሰው ካለ፣ ሥዕሉ ራሱ እግር ማብቀል አለበት።»

በዚያው ቀን ሥራ ጀመረች። በየጥጉ የተጠራቀመውን ቁርጥራጭ እንጨት አውጥታ ትናንሽ ፍሬም ገጠመች፤ ከጀርባው የሚታጠፍ እግር አበጀችለት። ቁምሳጥን ላይ ይቆማል፣ መስኮት ላይ ይቆማል፣ ቤት ሲለቀቅ እንደ ትራስ ብብት ውስጥ ይገባል። ነርሷ ድሮም ሥዕሏ ትንንሽ ስለሆነ ደስ አላት። ታፔላ ጻፊው ግን ተቆጣ።

«ትንሽ አድርጌ? እኔ እኮ ጽሑፌ ከድልድዩ ማዶ የሚነበብ ሰው ነኝ! ፖስታ ቤት መሰለሽ እንዴ፣ ቴምብር ልሣል?»

ፍሬም ሠሪዋ እጅጌውን ይዛ ልብስ ሰፊዋ ቤት ወሰደችውና የወንበሩን ልብስ አንስታ አስቀመጠችው።

«ያቺን የምትሮጠዋን ሴትዮህን እዚህ አምጥተን እናስገባት እንበል። ይቺ ልብስ ሰፊ የት ትደር?»

«ደጅ» አለች ልብስ ሰፊዋ ሳቋን አፍና።

ታፔላ ጻፊው ወደ መስኮቱ ዞረ። የማታዋ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የስፌት መኪናውን ጎማ እየነካች ነበር። ብዙ አየ። ዕድሜውን በሙሉ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ሲጽፍ የኖረ እጅ ነው፤ ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ ተቀምጦ የሚያይ ሰው መኖሩን አስቦ አያውቅም። ሲወጣ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቀጭን ብሩሽ ፈልጊልኝ።»

ትልልቆቹ ሥዕሎች ወርደው በቁጥራቸው ልክ ትንንሾቹ ወጡ፤ ለወንድሟ የገባችው ቃል እንዳይጎድል አንዱንም አልቀነሰችም። መጀመሪያ የገዛችው ልብስ ሰፊዋ ናት። የአሮጊቷን እጅ በማቆም እንኳ አልረካችም፤ ከጠንካራ ክር ማንጠልጠያ ገምዳ የመጋረጃው ዘንግ ላይ ሰቀለችው። መኪናዋን እየረገጠች ታዜማለች አሉ፤

ግድግዳ ካልሰጡኝ መስቀያ ለዓይኔ፣
መስኮት ላይ አውለው ይታየኝ ለእኔ።

ወሬው ከክፍል ክፍል ተሻገረ። ሻይ ሻጯ ሬዲዮዋ ላይ አቆመች። ሹፌሩና ሚስቱ ወፍጮ ቤቱ መሃል ቆመው ተከራከሩ።

«ቴሌቪዥኑ ላይ ይሁን።»

«ኳስ ስታይ በጩኸትህ ልትጥለው!»

«እሺ ማቀዝቀዣው ላይ።»

«እሱስ ደህና፤ ማታ ማታ ተደብቀህ ስትከፍተው ሥዕሉ ያይሃል። ሰው እያየህ ብላ ማለት ነው። ይሁን!»

የመዝጊያው ቀን ወንድምየው ጎማ ነጋዴውን አስከትሎ መጣ። ግድግዳው ሳስቷል፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት ቀርቷል።

«የቀሩትን የት ደበቅሻቸው?»

«ቤታቸው ገቡ።»

«የማን ቤት?»

«ያንተ ቤት ጋሼ።»

ቀልድ መሰለው። እሷ ግን ሽርጧን ፈትታ ከፊት መራች፤ ወደ ኪራይ ግቢው ገቡ። በር ሲንኳኳ ሁሉም ይከፍታል፤ አከራይ ሲመጣ የማይከፍት የለም። ቁምሳጥን ላይ የሰፈሩ መታጠፊያ፣ ማቀዝቀዣ ላይ ዝናብ ያባራበት መንገድ፣ ራስጌ ላይ የሕፃን መዳፍ። ወንድምየው ሥዕሉን ሳያይ መጀመሪያ ግድግዳውን ይመለከት ነበር፤ በመዳፉ እየዳበሰ ቀዳዳ ይፈልጋል። ጡረተኛው ታዝበው ታዝበው «ልጄ፣ ምን ትዳብሰዋለህ፤ ግድግዳው እኮ አላተኮሰውም» አሉት። ግቢው በሳቅ አለቀ።

ልብስ ሰፊዋ ክፍል ሲደርሱ ግን እጁ ከግድግዳው ላይ ወረደ። የአሮጊቷ እጅ ብርሃኑን ከኋላዋ አድርጋ ብርቱካኗን ትልጣለች። ትንሽ ቆመ። ቀዳዳ መፈለጉን ረሳው።

ግቢውን ጨርሰው፣ ከበስተጀርባ ያለውንም አይተው፣ መንገዱ ላይ ቆሙ። ከግማሽ አልፎ ነበር፤ በጥቂት፣ ግን አልፎ።

«ወንድሜ፣ ለጎማህ ሌላ ቦታ ፈልግ» አለው ወንድምየው ነጋዴውን።

«ተነጋግረን ጨርሰን አልነበረም እንዴ?»

«ካንተ በፊት ከእህቴ ጋር ተነጋግሬአለሁ።»

«ለሥዕል ብለህ ነው?»

«ምን የሥዕል ነገር አውቃለሁ! ለቃሌ ነው።»

ነጋዴው እያጉረመረመ ሄደ። ወንድምየው ወደ እህቱ ሲዞር፣ እሷ ቀድማው ነበር።

«ጋሼ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ክፍሎችህን ኪራይ የምትሰበስበው መቼ ነው?»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«አብሬህ ልሄድ። የእዚያ ግቢ ሰዎችም ዓይን አላቸው።»

«ከኋላዬ ተከትለሽኝ? ኪራዬን ከሰበሰብኩ በኋላ በምናቸው ሊገዙልሽ!»

«ማን ከኋላህ አለ?» አለች ሽርጧን መልሳ እየታጠቀች፤ ከመጨለሙ በፊት የምትቆርጠው እንጨት አለባት። «ቀድሜህ ነው የምገባው።»