ያልተቆጠሩት ሴሎች

በሆስፒታሉ ላብራቶሪ «እትዬ መቶ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት በሥራዋ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእያንዳንዱ በሽተኛ ደም ላይ መቶ ነጭ የደም ሴል በአጉሊ መነጽር ሳትቆጥር ውጤት ላይ ፈርማ አታውቅም። ማሽኑ የሴሎቹን ድምር ይናገራል፤ የትኛው ዓይነት ስንት እንደሆነ የሚለየው ግን የሰው ዓይን ነው። ዘጠና ዘጠኝ ላይ ደርሳ እሳት ተነሳ ቢሏት እንኳ የቀረችዋን ሳትጨርስ አትሮጥም እያሉ ያሟታል።

ለሴሎቹ ያላት ፍቅር ለጉድ ነው። ለተለማማጆች ስታስረዳ ስለ ጎረቤቶቿ የምታወራ ይመስላል። ነጭ የደም ሴል ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው፤ ገላው ላይ ግን ተቀባይ የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉት፤ በእነሱ እየዳበሰ ነው የሚኖረው። የገዛ አካላችንን ሲነካ ዘመድ ነው ብሎ ያልፋል። ባክቴሪያ ሲነካ ግን በልባሱ ላይ ከእኛ ዘንድ ፈጽሞ የሌለ ነገር ያገኛል፤ ተቀባዩ እዚያ ላይ ግጥም ሲል ሴሉ ይነቃል። ዙሪያውን ከብቦ ይውጠዋል፣ ከረጢት ውስጥ ዘግቶ መርዝ ያፈስበታል፣ ብዙውን ጊዜ ራሱም አብሮት ይሞታል። መግል ብላችሁ የምትጸየፉት የእነሱ ሬሳ ነው ትላቸዋለች። ጠላት ሲበረታ ደግሞ መቅኒው ገና ያልበሰሉትን ለጋ ሴሎች ሁሉ ያዘምታል። ያ ሁሉ ቆጠራም በዋናነት እነዚያን ለጋዎች ለማግኘት ነው።

ከፊት ለፊቷ የምትቀመጠው አሥራ አራት ዓመት አብራት የሠራች ጓደኛዋ ነበረች፤ ከፍጥነቷ የተነሳ «መብረቅ» የምትባል። ሥራውን ያስተማረቻት እትዬ መቶ ናት። ስትወልድ አስታማታለች፣ እናቷ ስትሞት አብራት አልቅሳለች። ሴል ባዩ ቁጥር ቁልፉን የሚመቱት የሁለቱም መቁጠሪያ መቶ ሲሞላ ይደውላል፤ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚጮኸው የመብረቅ ነው። እትዬ መቶ በዚህ ትኮራ ነበር፤ ተማሪዬ በለጠችኝ እያለች ለሰው ሁሉ ታወራ ነበር፣ ምስኪን።

አንድ ሰሞን እትዬ መቶ ለሦስት ቀን ሥልጠና ሌላ ከተማ ሄደች። በሄደች ማግስት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ትኩሳት ያዛት፤ ዳሌዬን አመመኝም አለች። አናጺው ባሏ ልጅቷን አዝሎ እዚያው ሆስፒታል ወሰዳት፣ ደም ተቀዳላት። ወደ ላብራቶሪ የሚገባው ቱቦ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም። ውጤቱ ደህና ነው ተብሎ ወጣ፤ ሐኪሙም ጉንፋን ቢጤ ይሆናል ብሎ የትኩሳት መድኃኒት ሰጥቶ ወደ ቤት ሸኛቸው።

እናትየው ስትመለስ ልጅቷ እግሬን አትንኩኝ ትላለች። አባትየው እንመልሳት አለ። እትዬ መቶ ወረቀቱን ተቀብላ ከግርጌው ያለውን የመብረቅን ፊርማ ስታይ ልቧ እርፍ አለ።

«እሷ የፈረመችበትን አትጠራጠር» አለችው።

እሱ ግን ልቡ አልረጋለትም። ሁለት ጊዜ ደግሞ ጠየቃት፤ ሁለቱንም ጊዜ ባለሙያ ነኝና አንተ እንጨትህን እወቅ ብላ አፉን አስያዘችው። እንዲህ እየተባባሉ አንድ ቀን ተኩል አለፈ። በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ልጅቷ መቃዠት ስትጀምር አባትየው ማንንም ሳያስፈቅድ ተሸክሟት ወጣ።

ባክቴሪያው የዳሌዋ መጋጠሚያ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ቀዶ ሐኪሙ ከፍቶ መግሉን አጠበ፤ ነፍሷ ተረፈች። አጥንቱ ግን ተበልቷል። ዕድሜ ልኳን እንደምታነክስ፣ በመጀመሪያው ቀን ቢደረስበት ኖሮ ግን ይህ እንደማይመጣ ረጋ ብሎ ነገራቸው። አናጺው ሚስቱን አየት አድርጎ ወደ ልጅቷ አልጋ ዞረ። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

ልጅቷ ነቅታ ውሃ ስትጠጣ አይታ እትዬ መቶ ወደ ላብራቶሪው ወረደች። ደም የተቀባበት ቀጭን መስታወት፣ ስላይዱ፣ ሰባት ቀን ይቀመጣል፣ ከዚያ ታጥቦ እንደገና ለሥራ ይውላል። የልጇን በቁጥሩ ፈልጋ አወጣች፣ አጉሊ መነጽሩ ሥር አኖረችና መቶውን ቆጠረች። አርባ አንዱ ለጋዎች ነበሩ። የበሰሉትም ሆዳቸው በቀዳዳ ተሞልቷል፤ በአንዱ ውስጥ እንደ ወይን ዘለላ የተጠጋጉ የተዋጡ ባክቴሪያዎች አየች፤ በሥራ ዘመኗ ሦስት ጊዜ እንኳ ያላየችው ነገር። ዓይን የሌላቸው ሴሎች ገና በመጀመሪያው ቀን ጠላታቸውን ለይተው፣ ውጠው፣ ሞተውላታል። ወረቀቱ ላይ ግን ከለጋዎቹ ፊት ለፊት ዜሮ ተጽፏል።

መብረቅ ስትገባ ስላይዱን ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት።

«ይቺን ቆጥረሻታል?»

መብረቅ አንዴ ወረቀቱን አንዴ ስላይዱን አየች። ለመዋሸት አፏን ከፍታ ነበር፣ ተወችው። ማሽኑ ድምሩ ደህና ነው ካለ ሴሎቹን ሳታይ መቁጠሪያው እስኪደውል ቁልፉን ዝም ብላ እንደምትመታ፣ ሰው ስለሚበዛ እንጂ ለክፋት እንዳልሆነ ተናገረች። ከመቼ ጀምሮ ስትላት ወለሉን እያየች ከጥንትም እንደዚያው እንደነበር ነገረቻት።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባል የለ? እትዬ መቶ ግን ብቻዋን አልወደቀችም፤ ልጇን ይዛ ነው የወደቀችው። ለዚህች ሴት ፊርማ ብላ ነው የገዛ ልጇን ጣር አላምን ያለችው። የከዳቻትን ትጥላ ወይ ራሷን ትጥላ አላወቀችም፤ ሁለቱንም ጠላች።

«ልጄ ናት» አለች።

መብረቅ ክው አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ ተንደርድራ ሁለት እጇን ያዘቻት።

«እትዬ፣ በሞትኩት! ያንቺ ልጅ መሆኗን ባውቅ እኮ እቆጥር ነበር።»

ለማጽናናት ነው ያለችው፤ ከልቧም ነው። እትዬ መቶ እጇን ቀስ አድርጋ አላቀቀች። ወደ መደርደሪያው ሄዳ በሳምንቱ ውስጥ መብረቅ የፈረመችባቸውን ስላይዶች አንድ በአንድ ለይታ አወጣች። ሰማንያ ስድስት ናቸው፤ የማን ልጅ፣ የማን እናት እንደሆኑ የማይታወቁ ሰማንያ ስድስት ቁጥሮች። የመጀመሪያውን አስቀምጣ መቁጠር ጀመረች። ሌላው የአሥራ አራት ዓመቱ ስላይድ ሁሉ ታጥቧል።