ላስቲኩ ሳይነሳ የገባው ሲሊኮን

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዲላ መሃል ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ከግድግዳው ውጭ በታሰረ ስካፎልድ ላይ ቆሜ ቁልቁል መሬቱን አይ ነበር። አለቃችን ጋሽ ተስፋዬ ሪቬት የሚባለውን የብረት ሚስማር መምቻ አቀበለኝና «ወደ ታች አትዪ፣ እጅሽን እዪ» አለኝ። አንድ መታሁ። ጧ! አለ። ሁለተኛውን ለመምታት ቸኮልኩ። ማታ እናቴን «ዛሬ ፎቅ አለበስኩ» ብላት በሳቅ ሞተች።

ክላዲንግ ከአልሙኒየም ሰሌዳ የሚሠራ የሕንፃ ልብስ ነው። የአልሙኒየሙን ሰሌዳ ፊት ለፊት በሪቬት መምታት ይቻላል፤ የሪቬቱ ራስ ግን ይታያል። በማጣበቂያ የሚለጥፉም አሉ፤ የዲላን ዝናብ ሳስብ እኔ አልደፍርም። የምወደው የሰሌዳውን ጠርዞች እንደ ትሪ አጥፎ፣ እጥፋቱን ግድግዳው ላይ ከተተከለው የብረት ፍሬም ጋር በቪቴ፣ በሚጠመዘዝ ብሎን፣ ማሰር ነው። በሰሌዳዎቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ውኃ እንዳያስገባ ሲደርቅ እንደ ጎማ በሚሆን ሲሊኮን ይሞላል።

ሥራውን በጀመርኩ በአምስተኛው ዓመት አቶ ሽፈራው የተባሉ የይርጋጨፌ ቡና ነጋዴ ዲላ ላይ ሕንፃ ሠሩ። ጋሽ ተስፋዬ ጨለለቅቱ ከተማ ሌላ ሥራ ነበረው። «የፊት ለፊቱን ላንቺ ትቼዋለሁ። ካሳመርሽው ፎርማን ትሆኛለሽ» አለኝ። ሴት ፎርማን! ለማላውቀው የባጃጅ ሾፌር ሳይቀር ነገርኩት።

ሰሌዳው ከፋብሪካ ሲመጣ ፊቱ በቀጭን ላስቲክ የተሸፈነ ነው። ሲሊኮን ከመሙላታችን በፊት ጠርዙ ላይ ያለውን ላስቲክ እንልጣለን። ልልጥ ስጀምር አቶ ሽፈራው ከታች ጮሁ።

«ኧረ ተይ ልጄ! እስከ ምርቃቱ አቧራ እንዲበላው ነው? ቅዳሜ በገዛ እጄ ነው የማነሳው!»

«ጋሼ፣ ጠርዙን ብቻ ነው።»

«ጠርዙም የኔ ነው!»

ፎርማንነቱ አስክሮኝ ስለነበር ባለቤቱን ማስቀየም አልፈለግኩም። ሲሊኮኑን ላስቲኩ ላይ ሞላሁት። ቀጥ ያለ፣ የሚያምር መስመር ነበር።

ቅዳሜ በምርቃቱ ላይ ፓስተሩ ጸለዩ፤ መዘምራን ዘመሩ። አቶ ሽፈራው በአዲስ ሱፍ ቀርበው ላስቲኩን ሳቡ። ሲሊኮኔም ተከትሎ መጣ። እንደ ፓስታ ተመዞ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ። ሕዝቡ የፕሮግራሙ አካል መስሎት «ሃሌሉያ!» እያለ አጨበጨበ፤ አንዲት እናትም እልል አሉ። እሳቸው በጭብጨባው ሞቅ ብሏቸው ሁለተኛውን ሳቡ። ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጣ። ፎርማንነቴ ዓይኔ እያየ እየተላጠ ነበር።

ጋሽ ተስፋዬ ከእንግዶቹ መሃል ወጣ። ጣቶቹን ባዶው ክፍተት ውስጥ ከትቶ አንዱን ሰሌዳ በሙሉ ኃይሉ ሳበው። ንቅንቅ አላለም።

«ቪቴውን ማን አሰረው?»

«እኔ።»

«ሲሊኮኑንስ?»

«እሱንም እኔ።»

«ላስቲክ ላይ?»

«አዎ። ላስቲክ ላይ።»

ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቁን ግን መቻል አቃተው። «ሰኞ ሳይዘንብ ሁሉንም ደግመሽ ትሞያለሽ። የምታሠሪያቸውን አራት ሰዎች ራስሽ ምረጪ።»

እኛ ዘንድ ሠራተኛ የሚመርጠው ፎርማን ነው። እዚያው እንግዳው ፊት ዘለልኩ።

ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የምነግረው ይህን ነው፦ መጀመሪያ ላስቲኩ ከጠርዙ ይነሳል፣ ከዚያ ሲሊኮኑ ይገባል። ባለቤቱ ቢቆጣም።