ጫፉ የተቆረጠ ቢላ

አንድ ቢላ ስለ መግዛት የሚወራ ወሬ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ሊሰማው የሚገባ ነገር ነው ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ጎፋ መንገድ ዳር አንድ በያጅ ብረት ሲሞርድ፣ የጋለው ብረት ሽታ መታኝና እግሬ ባለበት ቆመ። እንግዲህ ታገሠኝ።

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ሰፈራ ጣቢያ ሄደን ለድርቅ ተጎጂዎች ጎጆ እንድንሠራ ታዘዝን። የቡድን መሪያችን፣ ከኛ በላይ ያለ ተማሪ፣ "ሰንጢ ይዛችሁ እንዳትመጡ፤ ቀርከሃ ስትሰነጥቁ ጣታችሁ ላይ ይታጠፋል። የማይታጠፍ፣ ጫፉ የሾለ ደህና ቢላ ያዙ" አለን። የታዘዝኩትን በደንብ መፈጸም የምወድ ልጅ ነበርኩና ቃል በቃል ለእናቴ ነገርኳት።

እናቴ የምትለቅመውን ምስር አስቀምጣ ወደ በሩ አየች።

ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጫማ ፋብሪካ ቆዳ ቆራጭ ነበር። በቀይ ሽብሩ አሰሳ ጊዜ ቤታችን ሲፈተሽ የሥራ ቢላውን አገኙበት። "ጩቤ ነው" አሉ። "ለሥራ ነው" አለ። ይዘውት ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው እንኳ አልተሰማም። በማግሥቱ እናቴ የወጥ ቤት ቢላዎቻችንን ጫፍ አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ ፈጭታ አዶለዶመችው።

ብቻዬን እንድገዛም አልፈቀደችልኝ። መካኒሳ አቦ አካባቢ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ከመኪና ባሌስትራ ቢላ የሚሠራ ቀጥቃጭ ጋ አብረን ሄድን። ወናፉ በተነፈሰ ቁጥር ፍሙ ፊታችንን ያቀላዋል። ብረቱ እጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው መግባቱን አየሁ። በጥፍሬ መታ እያደረግሁ ድምፁን አዳመጥኩ። በመጨረሻ የወይራ እጀታ ያለውን አንዱን አነሣሁ። ጫፉ እንደ መርፌ ነበር።

"ጎበዝ፣ ዓይን አለህ!" አለኝ ቀጥቃጩ። "በዚህ በሬ ትበልታለህ።"

"ጫፉን ቁረጥልኝ" አለች እናቴ።

ሳቀ። "እማማ፣ ቢላ እኮ ነው፤ ማንኪያ አይደለም!"

"እናት አለችህ?"

ሳቁን ዋጠ። ቢላውን ብረት ላይ አስደግፎ በመሮ መታው። ጫፉ ተስፈንጥሮ አመዱ ውስጥ ገባ። እኔ ለቡድን መሪው ምን እላለሁ ብዬ እጨነቃለሁ።

በምንሄድበት ቀን ጠዋት እናቴ ብርድ ልብሴን ይዛ፣ እስከ መሰብሰቢያው ልትሸኘኝ አብራኝ አውቶቡስ ተሳፈረች። ነፋስ ስልክ ላይ የቀበሌ ጥበቃዎች አውቶቡሳችንን አስቁመው አስወረዱን። አንዱ ሻንጣዬን በረበረና ቢላውን መዘዘ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ለሥራ ነው፣ ጓድ" አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ የማን ቃል እንደሆነ ገባኝ።

እናቴ ክንዴን ያዘችው። ጥፍሯ በሹራቤ አልፎ ተሰማኝ። ይኸው አሁን ስነግርህ እንኳ ቦታውን እያሻሸሁት ነው። የናፍጣው ጭስ ያፍናል፤ ተሳፋሪው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል። ጥበቃው ቢላውን ወደ ብርሃን አነሣው፤ አውራ ጣቱን ጫፉ ላይ ጫን አደረገ፤ ደግሞም ጫን አደረገ።

"የቱ ጅል ነው ይሄን የሸጠልህ?" ብሎ ወደ ጓደኛው ዞረ። "እየው እስቲ፣ ይሄ ዘማች! በዚህ ሙዝም አይወጋ!"

ተሳሳቁ። ቢላውን ሻንጣዬ ላይ ወረወረልኝ። "ሂድ፣ እለፍ።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ" አለችው እናቴ። ድምፅዋ ግን የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ሰፈራ ጣቢያው ውስጥ ቢላው ልጥ ሲልጥ፣ ሣር ሲያጭድ ከረመ። መውጋት የሚፈልግ ሥራ ሲመጣ እዋሳለሁ። መሪያችን "ዶልዱም" የሚል ስም አወጣልኝ፤ ሳልቆጣ አቤት እል ነበር።

የተመለስኩት ሲመሽ፣ በዝናብ ነው። እናቴ አቅፋኝ፣ ከትከሻዬ በላይ ወደ በሩ እያየች ቆየች። ከኋላዬ ማንም አልነበረም። ራቴን በልቼ ጋደም አልኩ። ወንድሜ ከተወሰደ ወዲህ፣ ምናልባት ሌሊት ቢመጣ ብላ የበራችንን መቀርቀሪያ ነክታው አታውቅም። ያን ምሽት ተነሥታ ወደ ውጭ ተመለከተች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና ቀረቀረችው። መቀርቀሪያው ዝጎ ስለነበር በሁለት እጇ ነው የገፋችው። ሰኔ 16 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር።