አንቱ የተባለች ልጃገረድ

የሕፃናት ፓውደር በሸተተኝ ቁጥር፣ ፋርማሲ ውስጥ ቆሜም ይሁን ሰው ልጁን አጥቦ ሲያለብስ፣ ሜልበርን፣ ፍሌሚንግተን ሰፈር ያለው የኮሚሽን፣ ማለትም የመንግሥት ኪራይ፣ ሕንፃችንና ከኛ በር ፊት ለፊት ይኖሩ የነበሩት እትዬ ጥሩወርቅ ድቅን ይሉብኛል። እትዬ በጃንሆይ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ስማቸው የተጠራ የቴአትር ተዋናይ ነበሩ፤ ያንን ፓውደር ጠጉራቸው ላይ ነስነስ አድርገው፣ የታችኛውን ከንፈራቸውን ጣል ሲያደርጉት፣ ዓይናችን እያየ የዘጠና ዓመት ባልቴት ይሆኑ ነበር። እኛ የሕንፃው ልጆች እየጮህን ወደ ኮሪደሩ እንሮጥና፣ ወዲያው ደግሞ እኔ «አንድ ጊዜ ድገሚው!» እያልኩ ሁላችንም እንመለስ ነበር። እኔ አስማት ነው ብዬ ነበር የማምነው፤ ዛሬም አይደለም ብላችሁ አትከራከሩኝ።

እዚያ ሕንፃ የገባነው በጥር ነበር፤ የሜልበርን ጥር አስፋልት የሚያቀልጥ በጋ ነው፣ ሊፍቱም ተበላሽቶ ዕቃችንን በደረጃ እየተሸከምን ስንወጣ ነው እትዬን በራቸው ላይ ቆመው ያገኘናቸው። እማዬ «ሰላም በያቸው እንጂ» ብላ በክርኗ ነካ ስታደርገኝ፣ እኔ ትምህርት ቤቱ አማርኛዬን አወላግዶት ስለነበር፣ «እንዴት ነሽ? አንቺም እዚህ ነው የምትኖሪው?» አልኳቸው።

እማዬ ክው አለች። «አፈር በበላሁ! ይቅር ይበሉኝ እትዬ፣ ፈረንጆቹ ለትልቁም ለትንሹም ዩ፣ ዩ እያሉ አበላሹብኝ!»

እትዬ ግን በሩን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ተያት ልጄ፣ እንዳትቆጫት! ከእናቴ ሌላ አንቺ ያለኝ ሰው ይኸው ዛሬ ተገኘ» አሉና ወደኔ ዞረው፣ «ስሚ፣ ካሁን በኋላ አንቱ ብትይኝ እንጣላለን!» አሉኝ። እኔም ቃሌን ጠብቄ፣ ከዚህ በኋላ አንቱታውን ልተወው።

ቅጠሉ ሲረግፍ እማዬ ያራቪል ሰፈር ካለ ፋብሪካ የከሰዓት ሺፍት ጀመረች፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ጋ እየዋልኩ፣ ሻይ በዳቦ እየበላሁ፣ የቴአትሩን ዘመን አስወራት ነበር። ቴአትር ቤት ስትቀጠር ገና ሃያ ዓመቷ ነበር፤ ነገር ግን ድምጿ ወፍራም ስለነበረ አዘጋጁ ገና አፏን ስትከፍት «ይቺ ለአሮጊት ትሆናለች» ብሎ ጠጉሯን ዱቄት ነሰነሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ያንን ዱቄት የሚያራግፍላት ጠፋ። ጓደኞቿ ሙሽራ፣ እጮኛ፣ ውሽማ ሲሆኑ፣ እሷ አማት፣ አልቃሽ፣ ባልቴት እየሆነች ኖረች። በተለይ የአንዲት ክፉ አማት ሚናዋ ከተማውን አሸበረው፤ ገበያ ስትወጣ ሽንኩርት አንሸጥልዎትም አሏት፣ አውቶብስ ውስጥ ደግሞ ጎረምሶች ብድግ እያሉ «ይቀመጡ እናቴ» ይሏት ነበር። «ሃያ ሁለት ዓመቴ እኮ ነው! ያፈቀርኩትም ልጅ እንደነሱ አንቱ ብሎኝ ቁጭ!» ትልና ትስቅ ነበር፤ ሳቋ ግን መጨረሻው ላይ ይሰበር ነበር።

ክረምቱ ብቻ ከአገር ቤት ሳይዛነፍ ተከትሎን መጥቷል፤ ሐምሌ እዚህም ሐምሌ ነው። በዚያ ብርድ ትራም ነጂው ዳኛቸው ለአዲስ ዓመት በሕንፃው አዳራሽ የሚታይ ቴአትር ጽፎ መጣ፤ አንዲት እናት የሀብታም አማት ለመሆን ስትል ልጇን ለሽማግሌ ስትድር የሚያሳይ ነበር። «እትዬ፣ አማቷን ለእርስዎ ነው የጻፍኳት» አላት። እሷም ሻይዋን አስቀመጠችና «ሙሽራዋን ስጠኝ» አለችው። ዳኛቸው የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። «የምሬን ነው። ከመሞቴ በፊት አንድ ቀን፣ ሰው ፊት፣ አንቺ ልባል!» ዳኛቸው አፈረ፤ ሆኖም ስድሳ ዓመት ያለፋትን ሴት እንዴት ሙሽራ ያድርግ፣ ሙሽራዋን ከኮሊንግዉድ ሰፈር ለምትመጣ ወጣት ሰጣት። እትዬም የአማቲቱን ክፍል እኛ ቤት ከእማዬ ጋር ታጠና ጀመር፣ እማዬም ወረቀቱን ይዛ ስታስጠናት ሳታስበው ሁሉንም በቃሏ ያዘችው።

የአዲስ ዓመት እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ የኮሊንግዉዷ ልጅ ሺፍት ተቀይሮብኝ ቀረሁ ብላ ደወለች። ዳኛቸው ራሱን ያዘ። እትዬ ግን የፓውደሩን ቆርቆሮ ከቦርሳዋ አወጣችና፣ ዞር ብላ እማዬ ጠጉር ላይ ነሰነሰችው። «አንቺ አማት ነሽ። ቃሉን ታውቂዋለሽ» አለቻት። እማዬ «ኧረ በማርያም! መሳቂያ ልንሆን ነው!» እያለች ወደ መድረኩ ተገፍታ ወጣች።

እትዬ ምንም አልተቀባችም። ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ስባ ገብታ፣ ጉልበቷን ገጥማ ቁጭ አለችና የእጅ ጣቶቿን ማፍተልተል ጀመረች፤ መጀመሪያ ከኋላ ሳቅ ተሰማ፣ ቀጥሎ ቀነሰ፣ ከዚያ ጠፋ። ያ ወፍራም ድምፅ የት እንደገባ እንጃ! አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ እዚያ ተቀምጣ ስትንቀጠቀጥ በዓይኔ አይቻለሁ። እማዬ፣ ፓውደሯ እየበነነ፣ «ፈቃድሽ ነው አይደል?» አለቻት። እትዬ ቀና ብላ ከንፈሯን ከፈተች።

ያን ጊዜ ከፊት ወንበር ጋሼ በላይ ብድግ አሉ። ጋሼ በላይ ያችን ክፉ አማት አዲስ አበባ አይተው የጠሏት፣ እትዬ ሊፍት ስትገባ እሳቸው የሚወጡ፣ ሰላምታቸው እንኳ ከሩቅ «እንዴት ዋሉ» ብቻ የሆነ ሰው ነበሩ። ከዘራቸውን አነሡና፣ «አንቺ ልጅ! እሺ እንዳትይ!» ብለው ጮኹ።

እትዬ ቀጥሎ የሚባለውን ቃል ረስታ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና አለቀሰች፤ አዳራሹም የሙሽራዋ ለቅሶ መስሎት አብሯት አለቀሰ። የማን ለቅሶ እንደሆነ የምናውቀው፣ መድረኩ ላይ ከጎኗ የቆመችው እማዬና ከመጋረጃው ጀርባ ያለሁት እኔ ብቻ ነበርን።

እትዬ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆናት፤ ፍሌሚንግተንም ተለውጧል፣ እኔም የዚያን ጊዜዋን እማዬን በዕድሜ አልፌያታለሁ። ባለፈው ሳምንት ትራም ውስጥ አንድ የሐበሻ ጎረምሳ ብድግ ብሎ «ይቀመጡ እናቴ» አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አመስግኜው ተቀመጥኩ። ቤት እንደገባሁ ለእማዬ ደወልኩላት።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል በዚህ ሰዓት?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት። «እስቲ ድገሚው።»